ጳጉሜን የሌለው ኮምፒውተር

በዚህ ነገር ውስጥ የገባነውን አንድ በአንድ ላስተዋውቅ። ስም ግን አልጠራም፤ ሁላችንም እስከ ዛሬ ወረታ ገበያ ላይ ፊት ለፊት የምንገናኝ ሰዎች ነን።

የመጀመሪያው እኔ ነኝ። የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገነጠልበት ዝቅ ብሎ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ አለኝ፤ መኖሪያ ቤቴም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ትምህርት ቤት የገባሁት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው፤ ሌላውን ከሬዲዮ፣ ከወፍጮው መመሪያና ከራሴ ስሕተት ተማርሁ። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት፤ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። በቤታችን ትእዛዝ የምሰጠው እኔ ነኝ። ትእዛዙ እንዴት እንደሚፈጸም የምትወስነው እሷ መሆኗን የተረዳሁት በዚህ ታሪክ ነው። ሦስተኛዋ ልጃችን ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ውጤቷ ለዩኒቨርሲቲ በጥቂት ነጥብ ያነሰባት። አራተኛዋ ከአዲስ አበባ መጥታ መናኸሪያው አጠገብ ኢንተርኔት ቤት የከፈተች ሴት ናት። አምስተኛው የንስሐ አባታችን ናቸው፤ የቁሐር ሚካኤል ሰው፣ ቀልድና ተግሣጽ በአንድ ቃል የሚናገሩ። ስድስተኛው ኮምፒውተሩ ነው። ሰው አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ከእኔ ጋር ዓመት ሙሉ ተከራክሮ ያልተረታ እሱ ብቻ ስለ ሆነ ከሰው ቆጥሬዋለሁ።

የገዛሁት አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ንብረቱን በጨረታ ሲሸጥ ነው። እግራቸው ከተሰበረ ወንበሮችና ከዛገ ካዝና ጋር ተቆልሎ ነበር። ስክሪኑ ሆዱን ወደ ኋላ የነፋ፣ ሲበራ ከእንቅልፉ እንደ ተቀሰቀሰ ሽማግሌ የሚያቃስት ነው። የሚያውቁኝ ሰዎች ሳቁብኝ። "አሮጌ የሚንቅ ሰው እሱም እንደሚያረጅ የረሳ ነው" አልኋቸውና በጋሪ አስጭኜ ወሰድሁት። ባለቤቴ የጥልፍ ጨርቅ አለበሰችው። የቤቱን ስልክ መስመር ከጀርባው ሰካን፤ ከዚያ ወዲያ ልጄ ኢንተርኔት ውስጥ በገባች ቁጥር ሩዝ ሊያስፈለፍል የሚደውል ሰው ሁሉ መስመሩ ተይዟል ይባል ጀመር።

ኮምፒውተሩ አንድ ሕመም ነበረበት። የውስጥ ባትሪው ሞቷል። ስለዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ወይም ከግድግዳው በተነቀለ ቁጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይረሳል፤ ሲነሣም አስቀድሞ የሚጠይቀው ዛሬ ምን ቀን እንደ ሆነ ነው። ይህን ጥያቄ መመለስ የአባወራው ሥራ ነው ብዬ ወሰንሁ። በመጀመሪያው ቀን ልጄ በፈረንጅ አቆጣጠር ልትሞላው እጇን ስትዘረጋ አስቆምኋት።

"በዚህ ቤት ዓመተ ምሕረቱ ስንት ነው?" አልኋት።

ነገረችኝ።

"ይህ ዕቃስ የሚኖረው የት ነው?"

"እዚሁ፣ አባባ።"

"እዚሁ ከኖረ የእዚሁን ይቁጠር። ሰው ቤት ገብቶ በገዛ ዘመኑ የሚኖር እንግዳ አልወድም።"

"ግን አባባ፣ አንዳንድ ነገር እንቢ ቢለንስ?"

"እንቢ ያለ ይለመናል፤ ቀን ግን አይለወጥለትም።"

ልጄ ዝም አለች። በእኔ ቤት ዝምታ እሺታ ነው ብዬ አምን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ወፍጮውን ሳልከፍት በፊት እኔው ራሴ እሞላው ጀመር፤ መስከረምን አንደኛ ወር፣ ጥቅምትን ሁለተኛ ወር ብዬ፣ ዓመቱንም ሰዓቱንም በእኛ። ታዘዘ። ታዘዘ፣ ታዘዘና ጥቅምት ሃያ ዘጠኝ ላይ አልቀበልም አለ። ለካ የእሱ ሁለተኛ ወር በሃያ ስምንት ታልቃለች። ጥቅምት እስኪወጣ እንዳይበራ አዘዝሁ። በጥልፉ ተሸፍኖ ተቀመጠ።

"ታሰረ እንዴ?" አለችኝ ባለቤቴ።

"ያስብበት" አልኋት።

ኅዳር አንድ ቀን ፈታሁት። ምንም አላሰበበትም፤ ኅዳርን ግን ተቀበለ።

በዚያው በጋ ልጄ አንድ ነገር ሰማች። በውጭ አገር ያለ ኮሌጅ ሴት ልጆችን በርቀት፣ በነፃ፣ ሂሳብ አያያዝ ያስተምራል። የመግቢያ ፈተና አለው፤ መለማመጃ ትምህርቱም ፈተናውም የሚሰጠው በኢንተርኔት ገጽ ላይ ነው። ፈተናው ለሁሉም በአንድ ቀን ነው፤ ላመለጠው አይደገምም። እኔም በአጎቶቿ ፊት ማልሁ። "ካለፈች ትማር። ካላለፈች አዲስ ዓመት በገባ ማግስት ወፍጮ ቤት ገብታ ሚዛን ትይዛለች" አልሁ። ሚዛን መያዝ ሐቀኛ ሥራ ነው፤ ያሳደጋትም ያ ሚዛን ነው። ነገር ግን የሩዝ ገለባ አቧራ ደረቷን እንደሚይዘው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ወፍጮ ቤት ጥቂት ከቆመች ስትስል እንደምታድር አውቃለሁ። እያወቅሁ ማልሁ። መሐላ ከአፍ እስኪወጣ የሰውየው ነው፤ ከወጣ በኋላ ሰውየው የመሐላው ነው።

ማታ ከወፍጮ ስመለስ ፊቴ ትማር ዘንድ አዘዝኋት። አባት ልጁ ስታጠና ማየት አለበት። ኮምፒውተሩ ተበራ፣ ቀኑን ሞላሁለት፣ ገጹ ተከፈተ። ጽሑፉ መጣ። ትምህርቱ መምጣት የነበረበት መካከሉ ላይ ግን በጭቃ የተደፈነ መስኮት የመሰለ ግራጫ ሣጥን ተቀመጠ፤ ከሥሩም ፕለጊኑ አልሠራም የሚል ጽሑፍ።

"ፕለጊን ምንድን ነው?" አልሁ።

"ብሮውዘሩ ላይ የሚሰካ ትንሽ ፕሮግራም ነው፣ አባባ። ሥዕሉንና ድምፁን የሚያመጣው እሱ ነው።"

"እንደ ቺንጋ ነዋ። ሞተሩም አለ፣ መፈልፈያውም አለ፤ የሚያገናኛቸው ቺንጋ ከሌለ ሩዙ ገለባውን እንደ ለበሰ ይቀራል።"

"አዎ፣ እንደ ቺንጋ።"

"እንግዲያው አውልቂና መልሰሽ ስኪው።"

አወለቀችና መልሳ ሰካችው። በዚያ የስልክ መስመር አንድ ፕለጊን ከኢንተርኔት እስኪወርድ እራት በልተን፣ ጸሎት አድርገን፣ ጎረቤት ጠይቀን እንመለስ ነበር። ያው ግራጫ ሣጥን። በማግስቱም ያው። አዲሱን ፕለጊን ስንሰጠው ኮምፒውተሩ አርጅቻለሁ ይላል፤ አሮጌውን ስንሰጠው ገጹ ይህማ ያረጀ ነው ይላል። ሁለት ባላንጣ ያስታረቅሁ ሰው ነኝ፤ እነዚህን ግን አልቻልሁም።

ወደ ኢንተርኔት ቤቷ ሄድሁ። ባለቤቲቱ ፈጣን ናት፤ ሰው ጥያቄውን ሳይጨርስ ትመልሳለች።

"ጋሼ፣ ፕለጊኑን አጥፍታችሁ እንደገና ጫናችሁት?"

"ጫንነው።"

"ብሮውዘሩን ዘግታችሁ ከፈታችሁት?"

"ኮምፒውተሩንም ዘግተን ከፍተናል። በሩንም ዘግተን ከፍተናል።"

"ቀንና ሰዓቱስ ትክክል ነው?"

ይህ ጥያቄ አስቆጣኝ። "እመቤቴ፣ በዚህ ከተማ ትክክለኛ ቀን የሚናገር አንድ ኮምፒውተር ቢኖር የእኔ ነው። በየቀኑ የምሞላው እኔ ራሴ ነኝ።"

"ጎበዝ!" አለችና ወደ ሌላው ጥያቄ አለፈች።

እውነቴን ነበር የተናገርሁት። ሰው እውነቱን ተናግሮ መንገድ ሊያስት እንደሚችል በዚያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ፍላሽ ዲስኳን ይዛ ቤት መጣች። እኔ ወፍጮ ላይ ነበርሁ። ጥቂት እንደ ቆየች ከወፍጮው ጩኸት በላይ አንድ ሳቅ ተሰማኝ። ሴትዮዋ ስትወጣ ዐይኗን እየጠረገች ነበር። "ጋሼ፣ ኮምፒውተርዎ ጤነኛ ነው" አለችኝና የድካሟን ተቀብላ ሄደች። ባለቤቴም "ሠርቷል፤ ልጅቷ ስትማር ዋለች" አለችኝ። ደስ ብሎኝ ማታ ተቀመጥሁ፣ መብራት ሄዶ ተመልሶ ስለ ነበር ቀኑን ሞላሁ፣ ገጹ ተከፈተ። ግራጫ ሣጥን።

ከዚህ በኋላ ነገሩ መልኩን ለወጠ። ቀን ይሠራል፤ ማታ አይሠራም። እናትና ልጅ ቀን ስለ መሥራቱ ይምላሉ፤ እኔ ማታ አለመሥራቱን በዐይኔ አያለሁ። መርማሪ ሰው ነኝ። መጀመሪያ የኤሌክትሪኩን ጉልበት ጠረጠርሁ፤ ማታ ማታ የወረታ አምፖል ሁሉ እንደ ደከመ ዐይን ይቀላልና። የቤቱን አምፖሎች አስጠፍቼ በጨለማ ሞከርን። ግራጫ ሣጥን። ቀጥሎ ልብሴን ጠረጠርሁ፤ የሩዝ አቧራ ከላዬ እየተነነ ወደ ሆዱ ይገባ ይሆናል። ግቢ ውስጥ ተለቅልቄ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ፣ ለቅዳሴ እንደሚሄድ ሰው ገባሁ። ግራጫ ሣጥን።

አንድ ነገር ግን አስተዋልሁ። ወፍጮው ሲጮኽ ፕለጊኑ ይሠራል፤ ወፍጮው ዝም ሲል አይሠራም። ወፍጮውን አቁሜ ቀን ወደ ቤት ከገባሁ፣ እግሬ ደጃፉን ሳይረግጥ ኮምፒውተሩ ይጠፋል። "መብራት ሄደ" ትለኛለች ልጄ። የጎረቤት ሬዲዮ ግን በመብራት እየዘፈነ ነው። ስለዚህ የወፍጮው ንዝረት ፕለጊኑን አጥብቆ ይይዘዋል ብዬ ደመደምሁ፤ የላላ ብሎን በንዝረት እንደሚወልቅ ሁሉ፣ የሚጠብቅም አይታጣም። ከዚያ ወዲያ ሩዝ በሌለበት ሰዓት ወፍጮውን ባዶውን አስጮኽ ጀመር። ገበሬዎች ጆንያቸውን ተሸክመው እየመጡ "ምን እየፈለፈልህ ነው?" ይሉኛል።

"ልጄን እያስተማርሁ ነው" እላቸዋለሁ።

አንዱ ጓደኛውን በክርኑ ጎሸም አድርጎ "ስማ፣ ትምህርት በናፍጣ ሆነ" አለው።

እንዲህ ሆኖ ነሐሴ ገባ። አንድ ቀን ወፍጮውን ለሠራተኛዬ ትቼ፣ ጩኸቱ ሳይቋረጥ፣ በጓሮ ዞሬ በጫማ ጫፍ ወደ ቤት ገባሁ። አየሁት። ግራጫው ሣጥን የለም፤ በቦታው ቁጥር የተሞላ ሰሌዳ አለ፤ በሰሌዳው ላይ እጅ ይንቀሳቀሳል፤ እንግሊዝኛ የሚናገር ድምፅም ይሰማል። ልጄ ዘወር ብላ አየችኝና እንደ ድንጋይ ደረቀች። ባለቤቴ ደግሞ እርሳስ ስትቀርጽ የነበረች ሴት ናት፤ በምን ፍጥነት እንደ ሆነ እንጃ፣ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለችው።

"ምነው?" አልሁ።

"ደነገጥሁ" አለችኝ። "እንደ ሌባ ስትገባ!"

መልሰን አበራነው። ቀኑን ሞላሁለት። ግራጫ ሣጥን።

ያን ጊዜ ሳልወድ የተረፈውን ምክንያት ተቀበልሁ። ኤሌክትሪኩ አይደለም፣ አቧራው አይደለም፣ ንዝረቱም አይደለም። እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩ እኔን ሲያይ አይሠራም። ይህን ጮክ ብዬ ስናገር ልጄ አንገቷን ደፋች፤ ባለቤቴ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ያዘኑልኝ መስሎኝ ልቤ ተነካ።

የንስሐ አባታችንን አስጠራሁ። በባጃጅ መጡ፤ የጠበሉን ዕቃ ከካባቸው ሥር ይዘዋል። ከኮምፒውተሩ ፊት ቆመው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

"አባ፣ ይባርኩልኝ" አልኋቸው።

"በመብራት ነው የሚሠራው?"

"አዎ፣ አባ።"

"እንግዲያው ጠበል አይረጭበትም፤ አንተም እኔም እንሞታለን። ችግሩ መቼ ነው የሚጀምረው?"

"እኔ ስገባ ነው፣ አባ።"

"ታዲያ ምን ታስለፋኛለህ? የሚረጨውማ አንተው ነህ!" አሉና ጠበሉን ፊቴ ላይ ቸለሱት። ሦስት ጊዜ ቸለሱት፤ ሦስተኛውን ደስ እያላቸው ይመስለኛል።

ውሃው ከጢሜ እየወረደ ሌላውን ጭንቀቴን ነገርኋቸው። የፈተናው ቀን ታውቋል፤ በእኛ ጳጉሜን ሦስት፣ በሩፋኤል ዕለት ይውላል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ጳጉሜን የለውም።

"የለውም ማለት?"

"አሥራ ሦስተኛ ወር ስለው አይቀበልም። ነሐሴ ሠላሳ ላይ ላቁመው ብል ውሸት ነው። መስከረም አንድ ብለው ያልገባ ዓመት ማስገባት ነው። በጳጉሜን ዝም ብሎ ይተኛ ብዬ ነበር፤ በጥቅምትም እንዲሁ አድርጌዋለሁ።"

"ኮምፒውተሩ ክርስቲያን ነው?"

"አይ አባ፣ ዕቃ ነው።"

"ታዲያ ጳጉሜን ምን ያደርግለታል?" አሉኝ። ቀጥለውም፣ አሁን ሳይስቁ፣ "ከዕቃ ጋር እልህ ተጋብተህ ልጅህን መንገድ ላይ እንዳታስቀራት። ቀኑን የሠራ ጌታ አንተ ስላልጻፍኸው አይረሳውም" አሉ።

"አስብበታለሁ" አልሁ። ኮምፒውተሩን "ያስብበት" ያልሁት ትዝ አለኝና አፈርሁ።

በዋዜማው ባለቤቴ እራት አቅርባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"ነገ ምን ታደርጋለህ?"

"ሕግ ሕግ ነው..."

"ስማኝ አንተ ሰውየ። እስከ ዛሬ ቀኑን አንተ ቆጠርህ፤ እኛም ተቆጠርን። ነገ አንዲት ቀን አንተ ሳትቆጥራት ትለፍ። ምን ትሆናለች?"

ልጄ ከበሩ ሥር ቆማ ነበር። አልለመነችኝም። አንድ ጊዜ ብቻ ሳለች፤ ክረምት ስለ ሆነ ብርድ ይሆናል። እኔ ግን ሳሏ ከሚዛኑ አጠገብ የመጣ ሆኖ ተሰማኝ።

"ነገ ከቤት እወጣለሁ" አልሁ። "ምን ቀን እንደምትሞሉ አልጠይቅም። እስኪያልቅ አልመለስም።"

ጳጉሜን ሦስት ሰማዩ ተከፈተ። የሰፈሩ ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው በሩፋኤል ዝናብ እየጮኹ ይጠመቃሉ። ጋቢዬን ተከናንቤ ወደ ቁሐር በሚወስደው መንገድ ወጣሁ። ሜዳው ግራና ቀኝ ውሃ ነው፤ ሩዙ ከውሃው በላይ አረንጓዴ አንገቱን አውጥቷል፤ ከብቶች ከፍ ያለች መሬት ፈልገው ተጠጋግተው ቆመዋል። እኔም እንደ እነሱ ቆምሁ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ አንድ ደንበኛዬ አገኘኝ።

"ምነው በበዓል ቀን ዝናብ ላይ ተገተርህ?"

"ልጄ እየተፈተነች ነው።"

"ታዲያ አንተ ለምን ትረጥባለህ?"

"እንዳልታይ ነው።"

ሰውየው አማተበና መንገዱን ቀጠለ።

ከከተማው በኩል የአንድ ሙዚቃ ቤት ድምፅ ማጉያ ዘፈን ይሰማ ነበር። በበዓል ቀን ያን ያህል መጮኹን በልቤ እየነቀፍሁ ሳለሁ ዘፈኑ ቃል መካከል ላይ ተቆረጠ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ነገር ግን ወዲያው ገባኝ፤ መብራት ሄዷል። ልጄ ፈተና ላይ ናት።

በዚያ ዕድሜዬ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። ወፍጮ ቤቱን ከፍቼ ለመብራት የምጠቀምባትን ትንሿን ጄኔሬተር ተሸክሜ ወጣሁ። በሩፋኤል ቀን ሞተር አላስነሣም ብዬ ስንት ሰው የገሠጽሁ ነኝ፤ ሕጌን ለማሰብ ግን ጊዜ አልነበረኝም። ወደ ውስጥ መግባት አልችልም፤ ከገባሁ ፕለጊኑ ይሞታል። መስኮቱ በዝናቡ አብጦ አልከፈት ስላለ መስተዋቱን በድንጋይ ሰበርሁት። ከውስጥ የባለቤቴ ጩኸት ተሰማ።

"እኔ ነኝ! ገመዱን ተቀበሉ! እኔን አትዩ፤ እሱም እንዳያየኝ!"

ገመዱን በስባሪው አሳለፍሁ። ከዚያ እርጥቡን ጋቢ እስከ ዐይኔ ተከናንቤ፣ ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ፣ ጄኔሬተሯን አስነሣሁ። ያቺ ጄኔሬተር የቤንዚን መስጫዋ በእጅ ካልተያዘ ትጠፋለች፤ ስለዚህ ቁጢጥ ብዬ ይዣት ቀረሁ። ጩኸቷ ጆሮ ይበጥሳል። ልጄም ድምፅዋ እንዲሰማ ወደ እናቷ መጮኽ ነበረባት።

"እማየ! ዳግመኛ ተነሣ! ቀኑን ይጠይቃል! የፈረንጁ ዛሬ ስንት ነው?"

"ስምንት!" አለች ባለቤቴ ከጄኔሬተሩ በላይ። "ወሩ ዘጠኝ! ዓመቱን እንደ ሁልጊዜው!"

እንደ ሁልጊዜው።

ዝናቡ በአንገቴ እየገባ ቁጢጥ እንዳልሁ ዓመቱ ሁሉ ተገለጠልኝ። የሴትዮዋ ሳቅ፣ የጎረቤት ሬዲዮ፣ የተነቀለው ገመድ፣ የተነከሰው የነጠላ ጫፍ። በባዶ የጮኸው ወፍጮዬ። የወፍጮው ጩኸት ለእነሱ ፕለጊን አላጠበቀም፤ እኔ እዚያ መሆኔን ነገራቸው እንጂ። ጩኸቱ ሲቆም የእኔን መምጣት ያውቃሉ፤ ገመዱን ይነቅላሉ፤ ኮምፒውተሩ የፈረንጁን ቀን ይረሳል፤ እኔም ገብቼ በገዛ እጄ እገድለዋለሁ።

ሐቁን ልናገር። እጄን ከጄኔሬተሯ ላይ ላነሣ ፈልጌ ነበር። ማን አባወራ እንደ ሆነ ይታወቅ ብዬ። ያን ጊዜ ከሰበርሁት መስኮት ያ እንግሊዝኛ የሚናገር ድምፅ ወጣ፤ ልጄም ቁጥሮችን ለራሷ እያጉረመረመች ካቆመችበት መሥራት ቀጠለች። ጣቴን በቤንዚን መስጫው ላይ ይበልጥ አጠበቅሁ። ደነዘዘ። እንደ ደነዘዘ ያዝሁ።

ሲያልቅ ልጄ ወደ ደጅ ወጣች። እኔ አሁንም ጀርባዬን እንደ ሰጠሁ ነኝ።

"አባባ፣ ሠራ" አለችኝ።

"ሰማሁ" አልኋት።

ባለቤቴ ከኋላዋ መጣች። "ምን ሰማህ?"

"የፈረንጁን ቀን።"

ከዚያ ባለቤቴ መሳቅ ጀመረች፤ በነጠላ ጫፍ የማይታፈን ሳቅ። ልጄ እናቷን አየች፣ እኔን ፈራ ተባ እያለች አየች፣ እሷንም ያዛት። እኔ አልሳቅሁም። "ልብስ አምጡልኝ" አልሁና ልነሣ ስል ሁለቱም ደግፈው አስገቡኝ።

በማግስቱ ወደ ኢንተርኔት ቤቷ ሄጄ ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ እንድታስረዳኝ ጠየቅሁ።

"ጋሼ፣ ፕለጊኑ ሲነሣ ያልተጭበረበረ መሆኑ የተሠራበት ቀን ከኮምፒውተሩ ቀን ጋር ተያይቶ ይመረመራል" አለችኝ። "የእርስዎ ኮምፒውተር ደግሞ ከፈረንጁ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው። ለእሱ ፕለጊኑ ገና አልተወለደም። ያልተወለደን ማን ያምናል?"

"ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ጠይቄዎት ነበር። በከተማው ትክክለኛው የእኔ ነው አሉኝ። ኋላ ደግሞ ባለቤትዎ አስማሉኝ፤ ቢያውቅ ቀኑን ከሚለውጥ ዕቃውን ይጥለዋል አሉ።"

ልከራከራት አፌን ከፈትሁ። ባለቤቴ ግን ልክ ነበረች፤ እጥለው ነበር።

ለመስቀል ሰሞን ውጤቱ መጣ፤ ልጄ አለፈች። ሚዛኑን የሚይዝ ሰው ቀጠርሁ። ኮምፒውተሩ አዲስ ባትሪ ገባለትና የፈረንጁን ቀን ሳይጠየቅ መቁጠር ጀመረ። እኔም በላዩ፣ በግድግዳው ላይ፣ ጳጉሜን በደማቅ ቀለም የተጻፈችበትን የእኛን የቀን መቁጠሪያ ሰቀልሁ። እንግዳ የገዛ ዘመኑን ይዞ መኖር ይችላል፤ የባለቤቱን ዘመን ግን ቀና ብሎ ይይ።

በመጨረሻ ሁላችንን ሰብስቤ ወጪውን ደመርሁት፤ ሰው የስሕተቱን ዋጋ ማወቅ አለበትና። እኔ በባዶ ለጮኸው ወፍጮ ናፍጣ ሁለት መቶ አሥር ብር፣ ለሴትዮዋ ድካም መቶ፣ ለመስተዋቱ ስድሳ፣ ለቤንዚን ሠላሳ አምስት፣ ለባትሪው አሥራ አምስት፣ ለታጠብሁበት ሳሙና አሥራ ሁለት፣ ለቀን መቁጠሪያው አሥር ከፈልሁ። ባለቤቴ ለሴትዮዋ ዝምታ ከገዛ ሩዜ የሰማንያ ብር ሰጥታለች። ልጄ ተማሪ አስጠንታ ካገኘችው ላይ የስልኩን ትርፍ ሂሳብ መቶ አርባ ከፍላለች። አባ የባጃጃቸውን ሃያ ብር ራሳቸው ከፍለዋል፤ ልመልስላቸው ብል አንተን በመርጨቴ ተካስሁ ብለው አልተቀበሉም። ሴትዮዋ "የእኔ ወጪ ሳቅ ነው" ስላለች አላስገባኋትም። በጠቅላላው ስድስት መቶ ሰማንያ ሁለት ብር።